ዋናው ኩሬ

አባቴ ግንበኛ ነበር። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር ነው፤ ከቁይ ከተማ ወዲህ ባለ አንድ ገዳም፣ መነኮሳት በጥንት ጊዜ ከቆፈሯቸው ኩሬዎች ባንዱ ውስጥ የሠራውን የድንጋይ ደረጃ። «የዋናውን ኩሬ ደረጃ የሠራሁ እኔ ነኝ። እስከ ታች ዐሥራ ሰባት ነው» ይል ነበር። የሚያምነው ሰው ግን አልነበረም። ከሞተ በኋላ እንኳ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ነገሩን አልተወለትም። የምሠራው በእሱ ልብስ ስፌት ቤት ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ያነሣዋል።

«ዐሥራ ሰባት ደረጃ ለኩሬ! ለእንቁራሪት ነው?» ይላል። «አማቼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለቱን በድንጋይ ሠራ፤ ዐሥራ አምስቱን ባፉ።»

ሰው ይስቃል። እኔ ቁልፌን እተክላለሁ፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣልኝም። ማንበብ የተማርሁትም ብቻዬን ነው፤ መምህር ዘንድ ሳልቀመጥ፣ ከአንድ አሮጌ ዳዊት ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየሁ። ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር በልኩ ካላወቅሁት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሄጄ ልቆጥር ቆረጥሁ።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሞላው አስተርጓሚ ያገራችን ሰው ነበር።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ።

«ኩሬ ለማየት።»

«ምን ለማየት?»

«ኩሬ። የገዳሙን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ ኩሬ ማየት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ‘ሰውዬው ሊንሸራሸር ነው’ ብዬ ብነግረው ጣሊያኑ የሽፍታ መልእክተኛ ነው ይልና አንተንም እኔንም ነው የሚያስረን። ጠበል እንበለው። ምንህን ያምሃል?»

መዋሸት አልለመድሁምና ያፌ የመጣልኝን «እግሬን» አልሁ።

«እግሩን የሚያመው ሰው ያን ሁሉ አገር በእግሩ ሊሄድ!» ብሎ ሳቀና «ወገቡን» ብሎ ጻፈው።

አራት ቀን ተሰጠኝ። ነገር ግን ወረቀቱ እጄ የገባው በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ ቀኑ የተጻፈው ከትናንት ጀምሮ ነው።

«ትናንት እኮ ወረቀቱ እናንተው ዘንድ ነበር» አልሁት።

«እና? ቀኑ እኛ ዘንድ አልታሰረ!»

በአራተኛው ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ ኬላው ላይ ካልታየሁ የሚታሰረው ዋሴ ነው። ዋሴ ደግሞ አጎቴ ነው። ስለዚህ የቀረኝ ያ ግማሽ ቀን፣ አንድ ሙሉ ቀንና መመለሻዬ ብቻ ነበር።

መንገዱን መጥፎ ነበር ብል ሐሰት ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ መሬቱ ተገምሶ ጥቁር ሆኗል፣ በስተሰሜን ጮቄ እስከ ትከሻው ደመና ለብሷል። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪና ሥር አጎንብሶ ለሚውል ሰው፣ አንገትን ቀና አድርጎ መሄዱ ራሱ ዕረፍት ነው። እኔ ግን ደስታው በቅጡ አልገባኝም። እያንዳንዱን ዳገት በጎደለብኝ ቀን እየለካሁ ነበር የምሄደው። አንድ ገበሬ ቤት አድሬ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ገዳሙ ደረስሁ።

ኩሬዎቹ ሁለት ናቸው። ታችኛው ሰፊ ነው፤ ዳርና ዳሩ ፊላ በቅሎበታል፣ ዳክዬዎች ይንሳፈፉበታል። ላይኛው ጠበብ ያለ፣ በጽድ የተከበበ፣ ውኃው የጠራ ነው። ምንጩ መጀመሪያ እሱን ይሞላና ትርፉ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ደረጃ ሁለቱም አላቸው። የሁለቱም ደረጃ ታች ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

የአባቴ የትኛው ነው? «የዋናውን ኩሬ» ነበር የሚለው። የገዳሙ ተማሪዎች ሲዋኙ እያየ ይሠራ እንደነበር ስለሚያወራ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚዋኙበት ኩሬ ማለቱ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ከመንገዱ ዳር አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ዋናው በየትኛው ነው?»

«እህ?» አሉ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው።

«ዋናው!»

«ዋናውማ ላይኛው ነው።»

አመስግኜ ወጣሁ። ልብሴን አውልቄ በሱሪዬ ብቻ ቀረሁና፣ በእግሬ እየዳበስሁ መውረድ ጀመርሁ። ከውኃው በላይ ያሉት ስድስት ናቸው። ሰባተኛው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠ። እያንዳንዱ ደረጃ ቁመቱ አንድ ስንዝር ነው፣ ጠርዙ ሳይዛነፍ ቀጥ ብሎ የተጠረበ። ዐሥረኛው ላይ ብርዱ ትንፋሽ አሳጣኝ። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ውኃው አንገቴ ደረሰ። ለዐሥራ አራተኛው ልጠልቅ አየር ስስብ ከላይ ጩኸት መጣ።

«ኧረ ውጣ! ኧረ የምንጠጣው ነው! ምን ያለው ጉድ ነው!» መነኩሴው ገመዳቸውን እንደያዙ ደርሰዋል።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ዋናው ላይኛው ነው ያሉኝ!»

«አዎን፣ ዋናው ነው! ዋናው ስለሆነ አይደል የማይገባበት? ዋና ያማረው ታችኛው አለለት፣ ከዳክዬው ጋር!»

ያን ጊዜ ገባኝ። «በላይኛው ነው» አላሉኝም፤ «ላይኛው ነው» ነው ያሉኝ። አንዲት «በ» ናት የጎደለችው፤ ፊደል ቆጣሪው እኔ ሳላያት ቀረሁ። አባቴም «ዋናው» ሲል ስለ መዋኘት አልነበረም። የቆምሁት በራሱ ደረጃ ላይ ነበር።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጥለቅና ልውጣ።»

«ጭራሽ ራሱንም ሊነክር!»

ወጣሁ። እየተንቀጠቀጥሁ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሲረጋጉ እንዲህ አሉኝ፦ «ሕጋችን ይህ ነው፤ ኩሬው ካደፈ የመውጫው ውታፍ ተነቅሎ ውኃው ይፈስሳል፣ ያሳደፈውም ጭቃውን ይጠርጋል። ነገ ጧት ይነቀላል። ወደ ማታ ወለሉ ይታያል። አካፋ እኛ እንሰጥሃለን።»

ወለሉ ይታያል! ለዚያ ቅጣት አካፋ ቀርቶ ጥፍሬ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ነገ ማታ ኬላው ላይ መቆም አለብኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አይተው መለሱልኝ።

«ቀን እንኳ በማኅተም ሆነ» አሉ።

«እንግዲያው ይቁጠሩልኝ አባ፣ ደረጃውን። የሠራው አባቴ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያ ግራኙ ግንበኛ?»

«አዎ፣ ግራኝ ነበር። ዐሥራ ሰባት ነው ይል ነበር። ሰው አያምነውም።»

«እኔ ውኃ ነው የምቀዳ፤ ደረጃ ቆጥሬ አላውቅም» አሉና ገመዳቸውን እየጠቀለሉ፣ «ይሁን፣ ይቆጠራል። ወደ ማርቆስ ገበያ በሚወርድ ሰው እልክልሃለሁ» አሉኝ። የአጎቴን ስፌት ቤት ነገርኋቸው።

ሌሊት ተነሥቼ ስገሠግሥ ውዬ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ኬላው ደረስሁ። ወታደሩ ወረቀቱን እንኳ አላየውም፤ በእጁ እለፍ አለኝ።

መልእክቱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ማር ይዞ ገበያ የወረደ አንድ ሰው ስፌት ቤቱን ጠይቆ መጣና፣ በር ላይ እንደ ቆመ «አባ ልከውኛል። ‘ሙሉ ነው በለው’ ብለዋል» አለ።

«ምኑ ነው ሙሉ?»

«እኔ እንጃ። ‘ሙሉ ነው በለው’ ነው ያሉኝ።»

«ቁጥር አልነገሩህም? ዐሥራ ሰባት፣ ምናምን?»

«ሙሉ ነው» አለ ሰውየው ተቆጥቶ፣ «ከዚህ ወዲያ ምን ልጨምርበት?»

አጎቴ መኪናውን አቁሞ ሳቀ። «ኩሬው ነዋ! ክረምት ገብቶ ምን ይሁን ኖሯል?»

ቁጥሩ ሙሉ ነው ማለታቸው ይሆናል። ውኃው ሞልቷል፣ ሳልቆጥርልህ ቀረሁ ማለታቸውም ይሆናል። እንደ ገና የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ሄድሁ። አስተርጓሚው «ወገብህ አልዳነም?» ብሎ፣ በዚያ በኩል ጦርነት ስላለ ለማንም እንደማይሰጥ ነገረኝ።

አሁንም ደንበኛ ሲመጣ አጎቴ ወሬውን ይጀምርና ወደ እኔ ይዞራል። «ሄዶ አይቷል እኮ። ስንት ነው ያልኸው?»

ዐሥራ ሰባት ብል ሄዶ የሚያጣራ የለም። አፌ ግን እሺ አይለኝም። «ዐሥራ ሦስት ቆጥሬያለሁ» እላለሁ፤ ባልሁ ቁጥርም አራቱን ደረጃ ከአባቴ ላይ የምነቅል እኔ ራሴ የሆንሁ ይመስለኛል።

«አራቱስ?» ይላል አጎቴ።

«ውኃ ውስጥ ናቸው» እለዋለሁ።