ሀብትነሽ የሰፋችው ክንፍ

ሀብትነሽ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ የመኪና ሸራ እየሰፋች የምትተዳደር ሴት ናት። ከበለሳ የመጣችው ገና በሃያ ዓመቷ፣ ከባሏ ጋር ሰሊጥ ለማጨድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ባሏን ወባ ወሰደባት። ብቻዋን ወደ በለሳ መመለሱ ስለከበዳት እዚያው ቀርታ ስፌት ተማረች። ስፌቷ እንደማይተረተር ከገለጉ እስከ አብርሃ ጅራ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ይመሰክርላታል።

ከሱቋ ጎን የደረበ ጋራዥ አለ። ደረበ የፓምፕና የትራክተር መካኒክ ነው፤ ያኔ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ያላገባ፣ ግዙፍና ዝምተኛ ሰው ነበር። ስድስት ዓመት ሲጎራበቱ ከሰላምታ አልፈው አያውቁም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ሥራ ባስፈታበት ቀን ግን ስልኩን ይዞ ደጇ ላይ ቆመ።

«እስቲ ይኼን እይልኝ።»

ስልኩ ላይ አንድ ሰው ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ትልቅ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ከላዩ ሰፊ የጨርቅ ክንፍ ተነፍቷል። ሰውዬው እየሳቀ ከመሬት ተነሣ።

«ለጦርነት ነው?» አለች።

«ለጨዋታ ነው እንጂ! መጀመሪያ ሰማይ የወጡት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ። ፈረንጆቹ በትኩስ አየር የሚነሣ ፊኛ ሠርተው፣ ሰው ይሙት አይሙት ስላላወቁ እነሱን ላኩ።»

«በጉስ ተመለሰ?»

«በደኅና ተመለሰ።»

«ጎበዝ በግ!» ብላ ሳቀች። ደረበ ስትስቅ አይቷት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ በኋላ እየመጣ አንዳንድ ታሪክ ያወራላታል፤ ወንበሩን በፊኛ አንጠልጥሎ ስለወጣው ሰው፣ ሞተር ሳይክል ላይ ክንፍ ስለገጠሙት። አንድ ቀን «ሞተሩን እኔ እሠራዋለሁ፤ ክንፉን ግን ካንቺ በቀር የሚሰፋው የለም» አላት።

የመጀመሪያውን ክንፍ ከመኪና ሸራ ሰፋችው። ሲጎትቱት እንደ ሞተ በሬ መሬት ለመሬት ተጎተተ። ሀብትነሽ ጨርቁን ስታገላብጥ ቆይታ «ከብዷል። ደግሞም ጎን ለጎን እንደ ትራስ ልብስ ኪስ ኪስ ካልሆነ አየር አይዝም» አለች። መተማ ዮሐንስ ጨርቅ የሚነግደው ዑበይዳ ቀላል የድንኳን ናይለን አመጣላት። «ተማም፣ ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ነፋስ አያሳልፍም» አላት። ሦስት ወር ሰፋችው፤ እያንዳንዱን ስፌት ደግማ። ደረበ ደግሞ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተር አስነሣ፤ ማራገቢያውንም ከዋንዛ ጠርቦ ሁለቱን ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ላይ ገጠመ።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ሰሊጡ ተራግፎ ባዶ ወደቀረ ማሳ ወሰዱት። ደረበ ተቀመጠበት። ክንፉ ተነፍቶ ከላዩ ቆመ፤ ጎማው ግን መሬቱን አልለቅ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን ደፋ።

«ከበድኩት» አለ።

«እኔ ልሞክረው፣ አያ ደረበ?»

«አይሆንም! ብትወድቂስ?»

«እኔ ስፌቴን አምነዋለሁ። እርስዎ ሞተርዎን አያምኑትም?»

ከወንበሩ ወረደላት። ቀበቶዋን አሰረላት፤ ሦስት ጊዜ ጎትቶ አየው። የግራው ገመድ ወደ ግራ፣ የቀኙ ወደ ቀኝ፤ ለመውረድ ነዳጁን ቀስ አድርጎ መቀነስ። ይህን ደጋግሞ ነገራት።

ሀብትነሽ ዓይኗን ጨፍና ነዳጁን ሰጠች። ጎማዎቹ ሲንገጫገጩ ቆዩና መንገጫገጩ ድንገት ቀረ። ዓይኗን ስትገልጥ ከማሳው ጎን ያለው ማሽላ ከእግሯ በታች ነበር። ወዲያ ማዶ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ያበራሉ፤ በመንገዱ አይሱዙ ይሄዳል። ከታች ደረበ እጁን እያወናጨፈ ይሮጣል፤ ባርኔጣው ወድቋል፣ አላነሣውም። ያንን ግዙፍ ሰው እንዲህ አንሶ አይታው አታውቅም ነበር።

ማሳውን ሁለቴ ዞራ ዳር ላይ ታጭዶ የቀረ የማሽላ ቆረን፣ ጉቶው ላይ አረፈች። የፊት ጎማው ተጣመመ እንጂ እሷን ምንም አልነካት። ደረበ እያለከለከ ደረሰ።

«አየኸኝ?» አለችው።

ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ነው የኖረችው። እሱም ልብ ብሎታል። «አየሁሽ» አለ።

በሳምንቱ አንድ የሚሊሻ አዛዥ መጣ። «ከእንግዲህ እንዳትበሩ። ይኼ ድንበር ነው፤ ሳያውቅ የሚተኩስ አይጠፋም። ለእናንተው ብዬ ነው» አላቸው። አልተከራከሩትም። ሞተሩ ለሽንኩርት አትክልት ውኃ መሳቢያ ሆነ፤ ክንፉ ታጥፎ ጓዳ ገባ። በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሁለቱ ተጋቡ።

በ2014 ክረምት ሀብትነሽ ጓዳውን ስትጠርግ የክንፉን የጥጥ ክር ምስጥ በልቶት አገኘችው። ሦስት ወር የሰፋችው ነገር በእጇ ላይ ብትንትን ሲል መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደረበ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሌላ እንሰፋለን» አላት።

«መጀመሪያ ቤቱን ከምስጡ እናድን።»

የተቃጠለ የሞተር ዘይት አምጥተው በግድግዳው ሥር ሲያፈሱ ዋሉ። ደረበ እያፈሰሰ፣ ባለ ክንፍ ማሽን ያለ ሞተር፣ እንደ ብስክሌት በእግሩ እየዘወረ ባሕር ስለተሻገረ ሰው ያወራላት ጀመር።

«ሳይደክመው?» አለች።

«ደክሞታል እንጂ። ግን አላቆመም።»

ሀብትነሽ ጣሳውን አስቀምጣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው።