በበርሜላችን ውስጥ የሰፈሩ አረንጓዴ ዘመዶች

በአራዳ ምድር የሰውን አፍንጫ አይቼ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የምቆጥር እኔ ብቻ ነኝ። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ሥላሴ የፈለጋችሁትን መንገደኛ አሳዩኝ፤ ቅድመ አያቱ ከየት አገር፣ በምን ዓይነት በቅሎ እንደመጡ እነግራችኋለሁ። ይህ ችሎታዬ ልጄ ማይክሮስኮፕ ተውሳ ቤት እስካመጣችበት ቀን ድረስ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ዋቅላሚን ነው፤ ያን የቆየ ውሃ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር። ናሙናውን የቀዳችው ከግቢያችን የዝናብ ውሃ በርሜል ነው።

"አባዬ፣ ዘር ቆጣሪው፣ እስቲ ዘመዳሞቹን ለይልኝ" አለችኝ።

አጎነበስኩ። ሁለት አረንጓዴ ድቡልቡሎች አየሁ። "መንትዮች! ቁርጥ አንድ እናት!" አልኩ። አጠገባቸው አራት ሞላላዎች የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ እንዳሉ ተሳፋሪዎች ተጣብቀዋል። ራቅ ብላ ብቻዋን የቆመችውን "ይቺ ባዳ ናት" ብዬ ፈረድኩ።

ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "መንትዮች ያልካቸው ዘራቸው ከተለያየ ስንት ሚሊዮን ዓመቱ! ክብነት ስለተስማማቸው ነው የተመሳሰሉት። ባዳዋ ግን የአራቱ እህት ናት፤ አንዳንዴ ይጣበቃሉ፣ አንዳንዴ ይበተናሉ። ዝምድናቸው የሚታወቀው በዘረመል እንጂ በመልክ አይደለም።"

"እንደኛ ዘመዶች ናቸው በይኛ! ለሰርግ የሚጣበቁ፣ ድንኳን ሲነቀል የሚበተኑ።"

"እሱን ተይው" አለች እናቷ ከጓዳ፤ "የገዛ ወንድሙን ታክሲ ውስጥ 'ጠጋ በል ወንድም' ብሎት ሳያውቀው የወረደ ሰው ነው።"

በሳምንቱ ልጄ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። የጥናት አማካሪዋ ናሙናውን አልተቀበሉትም። "በየሳምንቱ በሚታጠብ በርሜል ይህ ሁሉ ዘር አይሰፍርም። ከሌላ ጠርሙስ ተቀላቅሎብሽ ነው፤ ድፊውና እንደገና ጀምሪ" ብለዋታል። የወራት ልፋቷ ነው የሚደፋው። ናሙናው የተቀዳበትን ቦታ በምትገልጽበት ቅጽ ላይ "በየሳምንቱ ይታጠባል" ብላ የጻፈችው ደግሞ እኔን ጠይቃ ነው።

ልጄን አየሁ። እናቷን አየሁ። ከኪሴ ብዕር አወጣሁ።

"ቅጹን አምጪው" አልኳት። ሰረዝኩ፣ እውነቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ልጄ አንብባ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እናቷ መጥረጊያ አነሳች።

ያን በርሜል ከተገዛ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አጥቤው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ "በርሜል ላጥብ" ብዬ ስወጣ ከጀርባው ተቀምጬ እተኛ ነበር።