ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ስጠርግ አንድ ቀይ ጨርቅ መሬት ላይ አገኘሁ። መጥረጊያውን ጥዬ አነሳሁት።

ጨርቁ የኔ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስገባ የለበስኩት ሹራብ ቁራጭ። ሲጠበኝ አባዬ አንዱን እጅጌ በመቀስ ቆራርጦ ወደ እቃ ቤት ወሰደው። የቀረው ሹራብ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

አባዬ የአረም መድኃኒት ገበያ ላይ እያስቀዳ ነበር የሚገዛው። ስለዚህ መያዣው አንዳንዴ የዘይት ጀሪካን ነው፣ አንዳንዴ የውሃ ሃይላንድ። ምንም አልተጻፈበትም። ምን እንደያዘ የሚናገረው አንገቱ ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው።

«ይሄን ካየሽ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» ይለኝ ነበር። ኪስ የሌለው ቀሚስ ከለበስኩ ደግሞ «እሺ፣ ጀርባሽ ላይ» ይላል። እጄን ጀርባዬ ላይ አድርጌ፣ መርጫውን አዝሎ ወደ ስንዴው ሲሄድ ከሩቅ አየው ነበር። ሲመለስም ልብሱን ደጅ አውልቆ ታጥቦ ካልሆነ አያቅፈኝም። እኔ ደግሞ እስኪታጠብ መጠበቅ... እንዴት ይረዝምብኝ ነበር።

አባዬ ካረፈ ወዲህ እቃ ቤቱን ማንም አልነካውም። አሁን ግን ለፋብሪካ ሠራተኛ ልናከራየው ስለሆነ፣ እህቱ ጫልቱ፣ አዳዳ የምላት አክስቴ፣ እቃ ልታወጣልን ከሱሉልታ መጥታለች። አዳዳ ስትሠራ አትቻልም። እኔ ከእንቅልፌ ሳልነሳ ግማሹን አውጥታዋለች።

«አዳዳ፣ ይሄ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን የት ሄደ?»

«ቢጫው የዘይት ጀሪካን? አሁን ለቆራሌው ሰጠሁት። ጨርቁ ቆሽሾ ስላስጠላኝ ፈትቼ ጣልኩት።»

«ባዶ ነበር?»

«ታች ላይ የቆየ ዘይት አለበት። እሱ ይደፋዋል... ምነው ፊትሽ?»

ዘይት እንዳልሆነ ነገርኳት። «ያ ዋቃዮ» ብላ አምላኳን ጠራችና በሩን ከፈተችልኝ። ሮጥኩ።

አሁን ስለኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ሰፈሬን አልፌ የምሄድ ልጅ ነኝ። ቆራሌው ደግሞ ርቋል፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። «ወንድሜ...» አልኩ። አጠገቤ የምትጭረው ዶሮ እንኳን ዞር አላለችም።

ስሙን አላውቀውም። ምን ብዬ ልጥራው... ከዚያ ከአፌ የወጣው እሱ ራሱ የሚለው ነው፣ በራሱ ዜማ።

«ቆራሌ...ው!»

በሮች ተከፈቱ። አንዷ የተቀደደ ጫማ፣ ሌላዋ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣች።

«ዘንድሮ ቆራሌው ሴት ሆነ እንዴ?»

«ኧረ ይቺ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ያቺ ዝምተኛዋ።»

«ወይ ጉድ፣ ድምፅ ነበራት ለካ።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ግን ደግሜ ጮህኩ። ከላይ በኩል ቆራሌው ጆንያውን ተሸክሞ ሲመለስ አየሁት። የተመለሰው ተናዶ ነው።

«ማነው በኔ ሰፈር የሚጠራው?» አለ። እኔን ሲያይ ቆመ። «አንቺ ነሽ? ሥራ ጀመርሽ?»

ትከሻው ላይ ጀሪካኑ የለም።

«ከኛ ቤት የወሰድከው ቢጫ ጀሪካን...»

«ለወተት ሻጯ ለእትዬ ደብሪቱ ሰጠኋቸው። ቦኖው ጋ ናቸው።»

ወተት... እሱን እዚያው ትቼው ወደ ቦኖው ሮጥኩ። እትዬ ደብሪቱ ክዳኑን ከፍተው፣ ሊያለቀልቁት ቧንቧው ስር ሊያስገቡት ነው። ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። እሳቸውም ወረፋ የያዙትም ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም። ጨርቁ የሚናገረው እኛ ቤት ብቻ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

«እትዬ፣ እጅዎን ያንሱ። ውስጡ ያለው የአረም መርዝ ነው።»

ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ለነገ ወተት ነበር እኮ... የልጅ ልጄም የምትጠጣው ከዚሁ ነው» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አደረጉ።

ቆራሌው እያለከለከ ደረሰ። «እኔ ደግሞ ክዳኑ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ልከፍተው ነበር» አለ። እሱና እትዬ ደብሪቱ በሳሙና ታጠቡ። ሌላ ጀሪካን እንደሚያመጣላቸውም ቃል ገባ።

እኔ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ክዳኑን አጠበቅኩት፣ ጨርቁንም መልሼ አሰርኩበት። ቤት ይዤው ስመለስ አዳዳ «ቦይ ውስጥ ደፍተን እንገላገል» አለች። ቦዩ ግን ወንዝ ይገባል፣ ከወንዙ ከብት ይጠጣል። አባዬ ጭላጭ እንኳን አይደፋም ነበር። መያዣው ባዶ ሲሆን ሦስቴ ያለቀልቀዋል፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሮ እዚያው ማሳው ላይ ይረጨዋል። ከዚያ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት ታቹን በሚስማር ይበሳዋል። ይሄኛውን ግን ሳይጨርሰው ነው የሄደው።

እስከ ሰኞ እቃ ቤቱ ውስጥ ቆልፈንበት፣ ሰኞ ከአዳዳ ጋር ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወሰድንለት። ጊዜ ያለፈባቸው መድኃኒቶች ካሉበት ክፍል አስገብቶ ቆለፈበት።

«ጨርቁን ውሰጂ» አለኝ።

«ይቆይበት» አልኩት።

ትናንት ቆራሌው በራችን ሲደርስ አልጮኸም፣ አንኳኳ። «ያ ቀይ ጨርቅ ትርፍ አለሽ? የተጠራጠርኩት እቃ ላይ ላስርበት።» ሳጥኔን ከፍቼ ሁለተኛውን እጅጌ ቆርጬ ሰጠሁት።

አባዬ ቢያየኝ «ይሄ ሹራብ ለአንቺ ጠቦ ለሰፈሩ በቃ» ይለኝ ነበር።