ለተብርሃን፣ የሽቦ አልጋዋና የበለሱ አጥር

ዛሬ ጠዋት ሓወልቲ አካባቢ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። «አርክቴክት ለተብርሃን ዐረፈች» አለኝ ደዋዩ። «የትኛዋ?» አልኩት። እኔ የማውቃት አርክቴክት ለተብርሃን አንድ ናት። ምናልባት ሌላ ትሆናለች ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝታኝ ስለ ጫማዬ ቀልዳብኝ ነበር።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ከዓይደር ሆስፒታል ወጣ ብሎ፣ ሐኪም «ከዚህ በላይ አንችልም» ያላቸው ሕሙማን የሚያርፉበት ትንሽ ቤት አለ። ዐሥር አልጋ ነው። የነደፈችው እሷ ናት። እኔ የአሠሪው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። መምህር ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ መያዝ አያቅተውም ብለው ነው የመረጡኝ።

መሬቱን ልናሳያት የተቀጣጠርን ቀን ፒክአፕ ላይ የሽቦ አልጋ ጭና መጣች። አልጋውን ባዶው መሬት ላይ አስወርዳ ከነጫማዋ ተኛችበት። «ትንሽ ወደ ግራ። አሁን መልሱት» እያለች ከነአልጋው ታስገፋናለች። ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ትራስ እናምጣ?» አላት።

«አምጡ እንጂ! በሽተኛ ያለ ትራስ ይተኛል?»

ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፈው ሰጧት። ያየችውን እዚያው ተኝታ ወረቀት ላይ አሰፈረች።

መስኮቶቹ እስከ ፍራሹ ድረስ ወረዱ። ኮሚቴው ተቃወመ። ሌባ ይገባል፣ ብርድ ይገባል ተባለ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ቆመህ አትፍረድ። ተኝተህ እየው።»

ከሁሉም አልጋ የሚታየው ድሮም እዚያ የነበረ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የበለስ አጥር ነው።

ያን አጥር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ምረቃው ሲቃረብ «እንግዶች ስለሚመጡ ግቢው ይጽዳ» ተባለ። እኛ ዘንድ ግቢ ጸዳ የሚባለው አንዲት ቅጠል ሳትቀር ሲመነጠር፣ የመንገዱ ዳር ድንጋዮችም ኖራ ሲቀቡ ነው። ሦስት ሠራተኞች ይዤ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ኮራሁም።

ከሰዓት በኋላ መጣች። አልጮኸችም። ክፍል ውስጥ አስገብታ አልጋ ላይ እንድተኛ አዘዘችኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ግንብ።» የጎረቤት መጋዘን ነው። ለካ አጥሩ ሸፍኖት ኖሯል።

«እስቲ አንድ ወር እየው» ብላኝ ወጣች።

በማግስቱ፣ ቁራጩ ተጭኖ ሳይወሰድ፣ ሁለታችን ደህና ደህናውን የበለስ ቅጠል ለይተን መልሰን ተከልን። በለስ ቅጠሉን አፈር ውስጥ ካቆሙት ይበቅላል። እሾሁ እጄን ሞላው። በጸጉር መያዣዋ እየነቀለችልኝ «ስታስቆርጥ አልጮህክም፤ አሁንም ዝም በል» አለችኝ።

በምረቃው ዕለት አንድ እንግዳ በመስመር የተሰካውን ቅጠል አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ፣ «መስኮቱ ገና አላለቀም» አልኩት። ለተብርሃን ከኋላዬ ሳቀች። ይቅር የተባልኩት ያኔ ይመስለኛል።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ከወሎ ታሞ መጣ። ገበሬ ነው። ሐኪሞቹ የነገሩኝን እኔ ደበቅሁት፤ እሱ ግን ዐውቋል። «አሕመዴ፣ ግድግዳ እያየሁ እንዳልሞት» አለኝ። ወደ አገሩ ልመልሰው ብል መንገዱን አይችለውም አሉኝ። የኔ ቤት ደግሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱንም አጣሁለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መብላትም መናገርም ተወ።

ለተብርሃን ወደ ነደፈችው ቤት ወሰድኩት። አራት ቁጥር ክፍል። ጊዜው ሐምሌ ነበር፤ በለሱ ቀልቷል።

 በሦስተኛው ጠዋት እግሩን ሳጥበው «ያቺን ታያታለህ?» አለኝ። ወፍ ናት፤ በለስ ላይ ተቀምጣለች። «የበሰለውን ትታ ጥሬውን ትነቁራለች። እንዲህ ያለች ሞኝ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አጥሚት ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወሬ ነበረው። ስንት ወፍ እንደመጣ፣ ደመናው ከየት በኩል እንደከበደ፣ የኛ አገር ዝናብ ከዚህኛው እንዴት እንደሚሻል።

አንድ ቀን ለተብርሃን ልትጠይቀው መጣች። «አቦይ፣ ቤቱ እንዴት ነው? ተመቸዎት?»

«ልጄ» አላት ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ «ቤቱን እንኳ አላየሁትም።»

ይህን ላገኘችው ሰው ሁሉ ስታወራ ኖረች። ስለ ሥራዋ ከዚህ የተሻለ ምስጋና ሰምታ እንደማታውቅ ነግራኛለች።

አባቴ እዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። አንድ ጠዋት፣ ካፊያ እየጣለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ ዐረፈ። ሳመሰግናት «ለምኑ? አጥሩን የተከልከው አንተ» አለችኝ።

ለተብርሃን፣ ይህን ያኔ አልመለስኩልሽም። እኔ ያስቆረጥኩ ነኝ፤ ያስተከልሽኝ አንቺ ነሽ። አባቴ የጠየቀኝን ያገኘው በአንቺ ነው።

ደህና ሁኚ፣ ሓፍተይ። ነገ ከቀብርሽ በፊት በዚያ ቤት በኩል አልፋለሁ። ባዶ አልጋ ካገኘሁ ጋደም ብዬ አያለሁ። አጥሩ ውስጥ ግንቡ የሚታይበት ክፍተት ካለ፣ ቅጠል ተክዬ እመጣለሁ።