የጋሽ ቶሎሳ ሰንጢ ኬላው ላይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ገና የመጀመሪያ ዓመቴን ሳልጨርስ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኬላ አልፌያለሁ፤ ብዙ ጊዜም ተፈትሼያለሁ። የማልረሳው ግን ያንን አንዱን ነው። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ አፍራለሁ።

ቤተሰቦቼ ጴንጤዎች ናቸው። የጸሎት ቤታችን በር ከታሸገ ሁለት ዓመት አልፎት ስለነበር የምንሰበሰበው በየሰው ቤት ተደብቀን ነበር። እንደ ዛሬው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሰፈር የሚረበሽበት ጊዜ አይደለም። መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ አሜኑ በሆድ ነው። የቀበሌ ሰው ድንገት ቢገባ "ልደት እያከበርን ነው" ለማለት እንዲመች ዳቦና ሻይ ከፊታችን አይጠፋም። በዚያ ዘመን በናዝሬት ከተማ የእኛን ያህል ልደት የሚያከብር ሰው አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የተወለደ ሰው አውቃለሁ።

ለዚህ ዘዴያችን ያስቸገሩን ጋሽ ቶሎሳ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ቶሎሳ አናጺ ናቸው። ሁሉም ይወዳቸዋል፤ ምስጢር የሚነግራቸው ግን የለም። ምክንያቱም አይዋሹም። ሌሎቻችንም አንዋሽም እንል ነበር፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ወንበር ሊገዛ የመጣን ሰው "ይቺ አንድ እግሯ ትንሽ ታጥራለች" ብለው ይመልሱታል። አንድ ጊዜ ከቀበሌ ስብሰባ የቀሩ ሰዎች ተጠርተው ሲጠየቁ አንዱ አሞኝ ነው፣ ሌላው ለቅሶ ሄጄ ነው ብሎ በምክር ታለፈ። እሳቸው "ሰልችቶኝ ነው" ብለው ሦስት ቀን ሙሉ የሰፈሩን ቦይ ሲጠርጉ ሰነበቱ።

ዝዋይ ውስጥ እንደ እኛው ተደብቀው የሚሰበሰቡ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ለሁሉም ያለቻቸው አንዲት መጽሐፍ ቅዱስ ናት። እሷም ፍተሻ በመጣ ጊዜ ጓሮ ተቀብራ ውሃ ገብቶባት ከመዝሙረ ዳዊት ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ተጣብቆ ቀርቷል። ናዝሬት ካሉት ሽማግሌዎቻችን አንዱ የራሳቸውን መጽሐፍ ሰጡና አንተ አድርስላቸው ተባልኩ። ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ በዚያው ቀን ዝዋይ ሄደው እንዲያስተምሩ ተመደቡ። አብረን እንድንሄድ ተወሰነ። መጽሐፉ እኔ ጋ እንዳለ ግን እንዳይነገራቸው ተስማማን። የማያውቁትን ነገር ተጠይቀው አላውቅም ቢሉ ውሸት አይሆንባቸውማ።

እናቴ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋገረች። መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ዘንቢሉ ሥር አስቀመጥኩና ዳቦውን ከነኮባው ከላይ ጫንኩበት። ከተጠየቅን ለልደት ነው እንበል ሲባል ጋሽ ቶሎሳ አሻፈረኝ አሉ። በዚያ ቀን እውነት የተወለደ ሰው ካልተገኘ ከቤቴ አልወጣም አሉ። ተፈልጎ ተፈልጎ፣ የዝዋዮቹ የሚሰበሰቡበት ቤት ያለ ሕፃን በዕለቱ አሥራ አንድ ወር እንደሚሞላው ተደረሰበት። እሱንም ቢሆን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው የተቀበሉት።

ቅዳሜ ጠዋት የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን ከናዝሬት መናኸሪያ ተሳፈርን። እኔ መጀመሪያ ወጣሁና ዘንቢሉን ጋሽ ቶሎሳ ከታች አቀበሉኝ። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ የሚወስደውን መንገድ እንደያዝን ኬላ ላይ አስቆሙን። ሁላችሁም ውረዱ ተባለ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰለፍን። ዕቃችንንም እግራችን ሥር አኖርን።

የሚፈትሸን ጢሙን ተንከባክቦ የሚያሳድግ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ያላገኘ የሚመስል አንድ አሥር አለቃ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ጋ ደርሶ ኮታቸውን ሲዳብስ እጁ ቆመ። ከኪሳቸው የቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ አወጣ።

ያኔ ሰንጢ በኪሱ የማይዝ ወንድ ጥቂት ነው። ብርቱካን ይላጥበታል፣ እርሳስ ይቀረጽበታል፣ ጥፍር ይቆረጥበታል፣ ሥጋ ቤት ሲገባ ቁርጥ ይበላበታል። ፖሊስ ፊት ሲደርስ ግን ሁሉም የሰው መግደያ ይሆናል። ስለቱ ከአራት ጣት ካለፈ ክልክል ነው ይባል ነበር። የማን አራት ጣት እንደሆነ የነገረን ሰው ግን የለም። ቀጭን ጣት ያለው ፖሊስ የገጠመው ሰው ዕድሉን ይረግማል።

አሥር አለቃው ጣቶቹን ስለቱ ላይ ደረደረ። ጫፉ ትንሽ ትርፍ አለው፤ ልለፈው ካለ የሚያልፈው፣ ልያዘው ካለ የሚይዘው ዓይነት ነው። ጋሽ ቶሎሳ ዝም ቢሉ ኖሮ ምናልባት ይመልስላቸው ነበር።

እሳቸው ግን "ስስለው ስስለው አልቆ ነው እንጂ ስገዛውስ ይረዝም ነበር" አሉት።

አሥር አለቃው ቀና ብሎ አያቸው። ያላገጡበት መስሎታል። ምን ልታደርግበት ነው የያዝከው ብሎ ጠየቃቸው። ሽበታቸውን እያየ አንተ ነው ያላቸው። እኔ በልቤ አናጺ ነኝ ይበሉ፣ አናጺ ነኝ ይበሉ እያልኩ ጸለይኩ። አናጺ ነኝ ቢሉ እኮ እውነት ነው።

"ዛሬ እንኳ ዳቦ ልቆርስበት ነው" አሉ።

ዳቦው የታለ ሲላቸው ወደ እኔ ዘንቢል ጠቆሙት።

መጽሐፉ ከተገኘ ሁለታችንም ወህኒ እንወርዳለን። ሥራዬን እንደማጣ የታወቀ ነው። ከዚያም ለማን ልታደርሱ ነው ተብለን እንገረፋለን፤ ዝዋይ ያሉት አሥራ አንዱም አንድ በአንድ ይለቀማሉ። የነዚያ ሰዎች ዕጣ በአንድ ድፎ ዳቦ ተሸፍኖ እግሬ ሥር ተቀምጧል።

አሥር አለቃው ኮባውን ገለጥ አድርጎ አየና ለምን በዓል ነው አለ። ጋሽ ቶሎሳ ዝዋይ ውስጥ አንድ ሕፃን ዛሬ አሥራ አንድ ወር ይሞላዋል አሉት።

"አሥራ አንድ ወር ደግሞ ይከበራል እንዴ?"

"እኔም እንዲሁ ብያቸው ነበር" አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

ከኋላችን የተሰለፈ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመስሎ አለፈው። አሥር አለቃው ግን አልሳቀም። ዳቦ ውስጥ ወረቀት ደብቀው የሚያሳልፉ አሉ፣ ስለዚህ አሁኑኑ እዚህ ቁረጠው አለና ሰንጢውን መለሰላቸው። ይህን የሰማሁ ጊዜ ዳቦውን ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ቶሎሳ እጄን ያዝ አደረጉኝ። አቧራ ነው፣ እዚያው ዘንቢሉ ውስጥ ይቆረሳል ብለው ቁጢጥ አሉ። ሰንጢውን ዘረጉ። ከዚያ ቆሙ።

ምን ትጠብቃለህ አላቸው አሥር አለቃው።

"ሳይባረክ እንዴት ይቆረሳል?" አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አበቃልን አልኩ። እኛ ጴንጤዎች አንድ ችግር አለብን፤ ዳቦ ስንባርክ የምንጀምረው ከዘሪው ነው። ጋሽ ቶሎሳ ዐይናቸውን ጨፍነው ስንዴውን ስለዘራው ገበሬ አመሰገኑ። ስለ ዝናቡ አመሰገኑ። ወፍጮ ቤቱን አልረሱም፤ እናቴን አልረሱም፤ ሾፌሩንም አልረሱም። እኔ አንድ ዐይኔን ከፍቼ አሥር አለቃውን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ተመለከተ። ሰልፉ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ራሱን ዝቅ አድርጓል። ሽማግሌ ዳቦ ይዞ ሲመርቅ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው እኛ አገር አይገኝም። የአሥር አለቃውም እጅ ጌታዋን ሳታስፈቅድ ሄዳ ቆቡን አወለቀች።

ጋሽ ቶሎሳ ቀጠሉ። "በዚህ ፀሐይ ቆሞ የሚውለውንም ልጅ ጠብቀው። ቤቱን ጠብቅለት። እናቱን በጤና አቆይለት። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም።"

ሰልፉ አሜን አለ። አሥር አለቃውም አሜን አለ።

የመጀመሪያው ቁራሽ ለእሱ ተሰጠ። ከዚያ ሰልፈኛው እየተቀባበለ ይበላ ጀመር። ጋሽ ቶሎሳ ዳቦውን ከዳር ከዳር ይቆርሳሉ፤ መሐሉን አይነኩትም። ዶሮ ይዘው የተሳፈሩ አንዲት እናት ገለቶማ እያሉ በኦሮምኛ አመስግነው ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁና ተሰጣቸው። ሰው ሁሉ የመንገድ ስንቅ እንደተሰጠው ደስ ብሎታል። እኔ ብቻ ዳቦው እያነሰ በሄደ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል።

አሥር አለቃው ለጓደኛዬም ልውሰድለት አለና የመጨረሻው ጉርሻ አፉ ውስጥ ሳለ እጁን ወደ ዘንቢሉ ሰደደ። የቀረውን ዳቦ ብድግ ሲያደርገው ጨርቁ አብሮ ተንሸራተተ። የመጽሐፉ ጥቁር ሽፋንና ቀይ የገጽ ጠርዝ ወለል ብሎ ታየ።

ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ነው ያየው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አላቸው። አሁን አንተነቱ ቀርቷል።

ባላወቁት ነገር ተይዘው እንዴት እንደሚደነግጡ እያሰብኩ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ዘንቢሉን እንኳ ጎንበስ ብለው አላዩትም።

"መጽሐፍ ነው" አሉ።

"የምን መጽሐፍ?"

"ቅድም አሜን ያልክለት ጌታ ቃል ነው፣ ልጄ።"

አሥር አለቃው አፉ ውስጥ ያለውን ዳቦ አላላመጠም፣ አልዋጠምም። ወደ ኬላው ቤት ተመለከተ። ጓደኛው በሩ ላይ ተቀምጦ ከሾፌሩ ጋር ያወራል። ከዚያ ዋጠ። ዳቦውን መልሶ መጽሐፉ ላይ አስቀመጠና ኮባውን አለበሰው፤ በመዳፉም ደልደል አደረገው። ቆቡን አጠለቀ። ቀጥሎ የተናገረውን ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ነው።

"ስለት ይዞ መጓዝ ክልክል ነው። ሰንጢው እዚህ ይቀራል። እናንተ ግቡ።"

ገባን። በዚያ ቀን ኬላው ላይ የተያዘው አደገኛ ነገር የጋሽ ቶሎሳ ሰንጢ ብቻ ሆነ። እሳቸውም እስከ መቂ ድረስ ብረቱ እንዴት ጥሩ እንደነበር እያነሱ ሲያዝኑ፣ እኔ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀምጬ ነበር።

ዝዋይ ስንደርስ አሥራ አንዱም ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። የቤቱ እመቤት ዘንቢሉን ከፍታ ዳቦው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተሸራረፈው አለች። ጋሽ ቶሎሳ "ፖሊስ በላው" አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ሳቁ ቆመ። አሥራ አንድ አዋቂ ሰው እንደ ሕፃን ተሻማ። የራሳቸው መጽሐፍ ተጣብቆ ካቆመባቸው ቦታ ጀምረው እየተቀባበሉ ሲያነቡ ዋሉ። ባለ አሥራ አንድ ወሩ ልጅ የቀረችውን ዳቦ ይዞ መሬት ለመሬት ይድህ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ሊያስተምሩ ሄደው አንድ ቃል የሚናገሩበት ጊዜ አላገኙም።

በማግሥቱ ወደ መናኸሪያ ስንሄድ አልቻልኩም፤ ጠየቅኳቸው። "ጋሽ ቶሎሳ፣ መጽሐፉ ከሥር እንዳለ ያውቁ ነበር?"

"ዘንቢሉን ከታች ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አሉ። "የእናትህ ዳቦ ደህና ነው፤ እንደዚያ ግን አይከብድም።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ብጠይቅህ ትዋሸኝ ነበር" አሉ። "እኔ ለምን ውሸታም ላድርግህ?"

እኛ ብልጦቹ፣ እሳቸው ውሸት የማይችሉ የዋህ መስለውን፣ ተሰብስበን መክረን ደብቀናቸዋል። እሳቸው ሁሉን እያወቁ ለእኔ ነፍስ ሲሳሱ ነው ዝም ያሉት። ኬላው ላይ ያ ሁሉ ሲደርስም አንዲት ውሸት አልተናገሩም፤ እኔንም እንድዋሽ አላደረጉኝም።

ጋሽ ቶሎሳ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ይህን ታሪክ በየግብዣው እያወራሁ ሰው አስቄበታለሁ፤ ሰው የሚስቀው በአሥር አለቃው ቆብና በአሥራ አንድ ወሩ ልደት ነው። እኔ እስካሁን የሚያሳፍረኝን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ቀን ጠዋት፣ ዘንቢሉ ለምን ከበደ ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። ድንች ነው ልላቸው ነበር።