የዘመድ አግዳሚ

አባቴ የሞተ ጊዜ እድሩ ደጃችን ላይ ድንኳን ተከለ፤ ወንበር ደረደረ፤ ከፊት ያለውን ረጅም አግዳሚ ለዘመድ ተወ። አግዳሚው አምስት ሰው ይይዛል። ሦስቱንም ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩበት። የጭሮ ሰው ደግ ነው፣ ድንኳኑ አንድም ቀን አልጎደለም። ለቅሶ ደራሹ ግን ገብቶ ወደ አግዳሚው ጎንበስ ሲል ከእኔ በቀር የሚያጽናናው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጊት «ሌሎቹ ወዴት ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ። ሌሎች እንደሌሉ መናገር አሳፈረኝ።

እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ እህት ወንድም የለኝም። አባቴ ግን ወንድም ነበረው። ሁለቱ ከጉራጌ አገር አብረው መጥተው፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ በሚባለው በዚሁ ከተማ ሱቅ ከፈቱ። ታናሽየው መቻራ ለንግድ ወርዶ የሙስሊም ልጅ ወደደ፤ ሰልሞ አገባት። አባቴ ተቆጣ፤ ከዚያ በኋላ የወንድሙ ስም በቤታችን አልተነሳም። ይህን ሁሉ በስውር የነገረችኝ እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ የሱቁን መሳቢያ ስከፍት የሁለቱን ፎቶግራፍ አገኘሁ፤ ተቃቅፈው ቆመዋል። ከማልቀሴ በፊት ተናደድኩ። ፎቶውን ያን ያህል ዘመን ደብቆ ከሚያኖር አንድ ቀን መኪና ቢሳፈር ምን ነበረበት?

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ሰው ፊቴ ቆሞ ስሙን ከነአያቱ ይነግረኛል፣ እኔ ፋይሉን አወጣለሁ። አጎቴንም እንደዚያው ፈለግሁት፤ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ በወረቀት ጽፌ፣ በመቻራ መስመር ጫት ለሚጭኑ ሾፌሮች፣ ቡና ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ሁሉ ሰጠሁ። የሚያውቀው ጠፋ። አንድ ጊዜ ቦርደዴ አንድ የጉራጌ ሽማግሌ አሉ ተባልኩና ሄድኩ። ሰውየው አጎቴ ባለመሆናቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ለስላሳም ጋበዙኝ። ወደ ባዶው ቤቴ ከምመለስ እሳቸው ጋ ብቀር በወደድኩ። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ።

በመጨረሻ ያነቃችኝ ከሱቃችን አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። ወረቀቴን አንብባ በሳቅ ሞተች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲሰልም አዲስ ስም አያወጣም እንዴ? በዚህ ስም እስከ ቂያማ ብትጠይቂ ማን ያውቀዋል!» አለችኝ። የመዝገብ ቤት ሰው መሆኔ አሳፈረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቱን ትቼ ፎቶግራፉን ይዤ መቻራ ወረድኩ።

መንገዱ አጥንት ያላላል። መቻራ እንደደረስኩ በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ፎቶውን ተቀብሎ አየና በጣቱ ማዶ ያለውን ሱቅ አሳየኝ። ከባንኮኒው ኋላ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው የአባቴ ግንባር ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ተነሥተው ቆሙና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሚስታቸው ከጓዳ እየሮጡ ወጥተው በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ!»፣ ነይ ተቀመጪ፣ እያሉ ጎትተው አስቀመጡኝ።

ከዚያ አጎቴ «ወንድሜስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

መርዶ ብቻውን ሄዶ የሚያረዳ ሰው የለም። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይኬዳል፤ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ከፎቶግራፍ በቀር ማንንም አልያዝኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነገረኝ ብለው ቢያዝኑብኝ፣ በዓለም ላይ ያለኝን አንድ ዘመድ ባገኘሁበት ቀን ማጣቴ ነው።

«ደህና ነው» አልኩ።

ምሳ ቀረበ። ጉልበቱ አሁንም ያመዋል? አዎ። ሻይ ያለስኳር ነው የሚጠጣው? አዎ፣ ያለስኳር። አጎቴ ቀስ እያሉ ይጠይቃሉ፣ እኔ የሞተውን ሰው ሻይ አስጠጣለሁ። መኪና ስላልነበረ እዚያው አደርኩ።

ጠዋት ስወጣ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አጎቴ መሐል ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ወንድሜ ነዋ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ያ ግትር በሕይወት እያለ አንቺን ወደኔ ቤት ይልክሻል? ሱቁ በር ላይ ብቻሽን ስትቆሚ ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው ስትዪኝ ገባኝ» አሉ። «መንገድ አድክሞሻል፣ እህል ሳትቀምሺ እንዴት አስለቅስሻለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ማለዳ ጎረቤቱን የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ብቻሽን አትሸከሚም፣ ልጄ።»

በውሸቴ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ጠጋ ብለው ምንጣፉ ላይ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ተቀመጥኩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጎንበስ ብለው አጽናኑን። አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሆነን አለቀስነው።