አራት መቶ ፈረስና እትዬ አስካለ

ባለፈው እሁድ ጠዋት ሚስቴን ይዤ ወደ ቤተሰቦቿ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ልሄድ ተነሳሁ። ዘንድሮ ላላፍር ምያለሁ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒካፔ አራት መቶ ፈረስ ጉልበት አላት፤ የሚገፋት ግን የኋላ ጎማዋ ብቻ ነው። እነሱ ቤት ጋ ያለችውን የጭቃ ዳገት ወጥታ አታውቅም። ቀኝ የኋላ ጎማዋ ቆሞ ይሾራል፣ ከዚያ የሚስቴ አባት ጋሽ ታደሰ በአሮጌ መኪናቸው በገመድ ይጎትቱኛል። ሰፈርተኛው ወጥቶ እያየ!

ስለዚህ ገርጂ ያለው መካኒኬ የኋላ ሞላዎቿን አውጥቶ በአየር የሚነፋ ሞላ ገጠመልኝ። «ስትነሳ ቀኝ እግሯን ታነሳለች። የቀኙን አብዝተን እንንፋው፣ ጎማው መሬቱን ይጫን» አለኝ። መኪናዋ ወደ ግራ ትንሽ ዘመም አለች።

እስከ ቦሌ ያልጮኸብኝ የለም። «ግራ ጎማህ ተንፍሷል!» እዚህ አገር ጎማ ተንፍሶ አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም መቼም።

ቦሌ ኬክ ገዝተን ስንወጣ የካፌው ጥበቃ፣ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ አባት፣ በኩራት ቆመው ይጠብቁናል።

«ልጄ፣ ተንጋዳ ሳያት አላስችል አለኝ። የቀኙን ሞላ አየር ቀነስ አድርጌልሃለሁ... አሁን ቀጥ ብላለች!»

ምን ይባላል? አመሰገንኩ። የአየሩን ልክ የሚያውቀው መካኒኬ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ እሁድ ስልኩን ይዘጋል።

ዳገቱ ላይ ጎማው ሾረ። ጋሽ ታደሰ ገመዳቸውን ይዘው እየሳቁ መጡ። ከኋላቸው የሚስቴ እናት እትዬ አስካለ... ደልደል ያሉ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው።

«ደሞ ዛሬ ምን ጎደላት?» አሉኝ እሳቸው።

«ከኋላ በቀኝ በኩል... ትንሽ ክብደት» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሚስቴ ቆነጠጠችኝ። ጋሽ ታደሰ ወደ ሰማይ አዩ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፉ፣ የመኪናዋን የኋላ በር ከፈቱና ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ተደላድለው ተቀመጡ።

«ንዳ!»

ነዳሁ። ጎማው አንዴ ተንሸራተተና... ያዘ። እንደ አስፋልት ወጣነው! ጋሽ ታደሰ ገመዳቸውን እንደያዙ ታች ቀሩ። በደስታ ጮህኩ።

«ለዚህ ነው ደህናውን ሞላ ያስነቀልከው?» አሉኝ ነገሩን ከሚስቴ የሰሙት እትዬ አስካለ ሲወርዱ።

ትናንት መካኒኬ «አየሩን እንደ በፊቱ ልሙላልህ?» አለኝ።

«አይ... በእትዬ አስካለ ልክ አድርግልኝ!»